በአባቴ መደብ ላይ፣ ከነጫማው

«ያለፈውን ተይው፤ ይቅር በይው» ይሉኛል። አልልም! ያኔ ፊቱ ቆሜ «እርስዎ» እለው ነበር። ዛሬ ግን ማን ይከለክለኛል፣ «እሱ» ነው የምለው።

በንጉሡ ዘመን ነው። ቤታችን ሐረር፣ ከግንቡ ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ ነበር፤ ትምህርት ቤቴ ደግሞ ከሸዋ በር ውጪ። በሩን ስወጣ አማርኛ፣ ስገባ የቤታችን ቋንቋ። እኛ ጌ ሲናን እንለዋለን፣ የከተማው ልሳን ማለት ነው፤ ከበሩ ውጪ ያሉት አደርኛ ይሉታል። ሁለቱም አፌ ውስጥ ተስማምተው ይኖሩ ነበር። ያልተስማማው አስተማሪያችን ነው። ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ ከረባቱ ትንሽ ከተጣመመ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ የሚውል ሰው። ግቢ ውስጥ በቤቷ ቋንቋ ስታወራ የያዛትን ልጅ ጠጠር ላይ ያንበረክካታል። የጉልበቴ ጠባሳ አሁንም አለ፤ ላላመነ አሳያለሁ።

አንድ ቀን ከአክስቴ ልጅ ጋር በቋንቋችን ስንሳሳቅ ያዘኝና «እናትሽን አምጪ» አለኝ። አባቴ ሞቷል፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። አማርኛ ደግሞ አንድም ቃል አታውቅም። የልጄ አስተማሪ ጠራኝ ብላ ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ተሰናድታ መጣች። ከፋይ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ከሥሩም እንደ ከተማችን ሴቶች ሁሉ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጥልፍ ያለው ሱሪዋን።

እሱ ከእግሯ እስከ ራሷ አያትና ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። «እናትየዋ ሱሪ ታጥቃለች እኮ! ወይ ጉድ!» ልጆቹ አውካኩ። «ንገሪያት» አለኝ፤ «እኔ ልጅሽን ሰው ላደርጋት እለፋለሁ፣ አንቺ ቤት ውስጥ በወፍ ቋንቋሽ ታበላሻታለሽ በያት። ይኼንንም ሱሪ ለብሳ ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ።»

እናቴ ፈገግ ብላ አፍ አፌን ታየኛለች። ልጆቹ የሳቁት በመምጣቷ ደስ ብሏቸው መስሏታል። ቆሽቴ አረረ። ምን ልበላት? «ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ ኮርቼባታለሁ ይላል» አልኳት በቋንቋችን። ፊቷ በራ። «ማሻአላህ!» አለችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አላህ ዕድሜ ይስጠው። አንድ ቀን ቤታችን መጥቶ ምሳ ይብላ በይው።»

ይህንን እንዳለ ነገርኩት። እሱም እሺ አለ። የከተማውን ቤቶች ውስጣቸውን ለማየት ጓጉቶ እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉድ ጉድ ማለት ሆነ ሥራዋ። ክርስቲያን እኛ ያረድነውን እንደማይበላ፣ እኛም እነሱ ያረዱትን እንደማንበላ ሐረር ውስጥ ሕፃን ያውቀዋል። ስለዚህ በግ ገዝታ ለጎረቤታችን ለባሻ ወሰደች። ባሻ አባታቸው ከሸዋ ጦር ጋር የመጡ፣ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው ቋንቋችንን እንደኛው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። የጾም ቀን እንዳይሆን ሰኞን የመረጡልን፣ በጉንም በስመ አብ ብለው የባረኩት እሳቸው ናቸው። ወጡ የተሠራው በባለቤታቸው ድስት፣ በባለቤታቸው ማጀት ነው። እናቴ እኛ የማንቀምሰውን በግ ለእንግዳዋ ክብር ብላ ሙሉውን ሰጠች። ሌላም ነገር ነበር፤ አስተማሪው ለባሻ ልጅ ሽማግሌ ልኮ መልስ እየጠበቀ ነው። ይህንንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ሰኞ መጣ። ቤታችን እንደ ከተማው ቤት ሁሉ መደቦቹ ቀይ አፈር የተቀቡ ናቸው፤ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ከፍ ያለው የአባቴ መደብ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ማንም ተቀምጦበት አያውቅም። እናቴ ለእንግዳዋ ያንን መደብ አነጠፈችለት። ሁላችንም ጫማችንን ደጃፉ ላይ አውልቀናል። እሱ ግን ከነጫማው፣ ከነጭቃው ወጣና እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ።  እናቴ ምንጣፉ ላይ የቀረውን ዱካ አየችው።

ባሻ ድስቱን ቀደም ብለው አምጥተው ከበሩ ጀርባ ባለችው ትንሽ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እሱ ከፀሐይ ስለገባ ዓይኑ ጨለማውን አልለመደም፤ አላያቸውም።

ምግቡ ሲቀርብለት ሳህኑን በጣቱ ጫፍ ገፋው። «የእስላም ሥጋ አልበላም» አለኝ። «ንገሪያት።»

«ባሻ ናቸው ያረዱት» ብዬ ብነግረው ይተርፍ ነበር። የታባቱ! ለምን ብዬ? ጉልበቴ ትዝ አለኝ፤ በእናቴ ሱሪ የሳቀው ሳቅ ትዝ አለኝ።

«አልሰማሁም፣ ጋሼ» አልኩት በትሕትና። «ትንሽ ጮክ ይበሉልኝ።»

«የእነዚህን እርድ አልበላም አልኩሽ! በምን እጅ እንደነካኩት ማን ያውቃል? ሽታው ራሱ ያጥወለውላል!»

ከበሩ ጀርባ ሳል ተሰማ። «ልጄ» አሉ ባሻ በአማርኛ፣ «እጁ የኔ ነው። በስመ አብ ብዬ የባረክሁት እኔ፣ የሠራችውም ባለቤቴ ናት። ሽማግሌዎችህ እሑድ እንመጣለን ብለውኝ ነበር። እንዳይደክሙ ንገራቸው።»

እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከመደቡ ሲወርድ ተደናቅፎ ሊወድቅ ምንም አልቀረው፣ ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

«ምን ሆነ? ምን አለ?» አለች እናቴ። ከዚህ በኋላ ብደብቃት የምሸፍነው የእሱን ነውር ነው። ነገርኳት። የዛሬውንም፣ ትምህርት ቤት ያላትንም፣ ልጆቹ በምን እንደሳቁም፣ ሁሉንም። አላለቀሰችም። እርጥብ ጨርቅ አመጣችና የአባቴን መደብ ቀስ ብላ ወለወለችው። ስትጨርስ «ነገ ምሳ ሰዓት ትምህርት ቤት እመጣለሁ» አለችኝ።

መጣች። ያንኑ ከፋይ ቀሚስ፣ ያንኑ ሱሪ ለብሳ። ከጎኗ የባሻ ባለቤት ድስቱን ይዘዋል። የክፍሌ ልጆች አብዛኞቹ የወታደርና የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች ናቸው፤ እሳቸውን ከቤተ ክርስቲያን ያውቋቸዋል። በጉን ማን እንደባረከው ሲነግሯቸው ሌላ የጠየቀ አልነበረም። እነዚያ ያውካኩት ልጆች ጣታቸውን እየላሱ በሉ። እናቴ በወፍ ቋንቋዋ «ብሉ፣ ብሉ» ትላቸዋለች። ሳልተረጉምላቸው ገባቸው።

እሱ የክፍሉ በር ላይ ቆሞ ያያል። ድስቱ ባዶ ሲሆን እናቴ ዞራ አየችው፣ ከራሱ እስከ ጫማው። የምትለውን አለችና «ንገሪው» አለችኝ።

ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ፣ እሱ ራሱ ባስተማረኝ ጥርት ያለ አማርኛ ነገርኩት። «ጋሼ፣ እናቴ እንዲህ ትላለች፤ የእርስዎን ድርሻ ልጆቹ በልተውልዎታል። ሰው ቤት ሲገባ ጫማ እንደሚወለቅ የሚያስተምርዎት ሲያገኙ ተመልሰው ይምጡ።»

ልጆቹ እንደገና አውካኩ፤ የዚያን ቀን ግን በእናቴ አልነበረም። እሷ ካለችው አንድም ቃል አልቀነስኩም። የጨመርኩለት «እርስዎ»ን ብቻ ነው፤ እሱንም ይኸው ዛሬ መልሼ ወስጄበታለሁ።