እትዬ አልማዝ ሁለት ዓይን ሳሉ!

ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር ያለችው፣ በሱዳን ጦርነት የተጎዱ ሴቶች በሥዕል የሚያገግሙባት ክፍላችን ዛሬ በእልልታ ቀለጠች! እትዬ አልማዝ ራሳቸውን በሁለት ዓይን ሳሉ።

በጦርነቱ ጊዜ፣ ካፉሪ ሰፈር በሠራተኝነት ይኖሩበት የነበረው ቤት የታጠቀ ሰው ገብቶባቸው ነበር። ስለዚያ ቀን አይናገሩም። ራሳቸውን ብቻ ይስላሉ፤ ሁሌ በጎን፣ ሁሌ በአንድ ዓይን።

እኔ እዚሁ ካርቱም ተወልጄ ያደግኩት፣ የአገር ቤቱን ሥዕል የማላውቀው፣ አስተማሪ ተብዬ፣ "ኻልቶ፣ አክስቴ፣ ሌላውን ዓይን ረሱት" እላቸው ነበር። ያስረዳችኝ እናቴ ናት፦ "በእኛ በአበሻ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉ ሰው ነው።"

ለካ ራሳቸውን ሲኮንኑ ነው የከረሙት!

ዛሬ ግን በአንድ ዓይን የሳሉት ያንን ሰውዬ ነው። እሳቸው ሁለት ዓይናቸውን አፍጥጠው ፊት ለፊት ቆመዋል። "ኸላስ፣ በቃ! ጥፋቱ የሱ ነው" አሉ።

እናንተስ፣ ራሳችሁን በስንት ዓይን ነው የምትስሉት?