አባቴ እና የራሞን ጉልበት

ባለፈው ሳምንት በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ስፔን አገር የሚደረግ የእግር ኳስ ጨዋታ ያሳይ ነበር። የሚያየው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። አንዱ ሽማግሌ አንቀላፍተዋል፣ አንዷ አሮጊት የሹራባቸውን ቁልፍ ይፈታሉ፣ ይቆልፋሉ፤ እኔ የምሳ ሳህን እሰበስባለሁ። ድንገት አንድ አጥቂ ጉልበቱን ይዞ ወደቀና አንድ ሰው ቦርሳ አንጠልጥሎ እየሮጠ ገባ። ካሜራው ቶሎ ወደ አሰልጣኙ ዞረ። እኔ ግን ባለቦርሳውን ሰውዬ እንደገና ያሳዩኝ እንደሆን ብዬ ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አገር ቤት ቢሆን ጋዜጠኛው «ወጌሻው ገብቷል» ይል ነበር። አባቴ ወጌሻ ነበር።

አቶ ደጀኔ ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ትልቅ ክለብ ነበር የሚሠራው። ተጫዋች ሲወድቅ ባልዲና ስፖንጁን ይዞ ሲሮጥ ሕዝቡ በስሙ ይጠራዋል፣ ያሾፍበታል፤ ሆዱ ገፋ ያለ ስለነበረ ሩጫው ያስቃቸው ነበር። እሱም ይህን ስለሚያውቅ አንዳንዴ ሆን ብሎ ይወዛወዝላቸዋል። ቶሮንቶ ከመጣን በኋላ ግን መሐል ከተማ፣ አንድ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ባለች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት መቁረጥ ሆነ ሥራው። ቀኑን ሙሉ ከሰው የሚያየው በቀዳዳዋ የሚገባና የሚወጣ እጅ ብቻ ነው። ቤት ሲገባ እጆቹን ኮት ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፤ ብዙም አያወራም። እናቴ ሱዳን እያለን ስላረፈች፣ ሪጀንት ፓርክ በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምንኖረው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

ዘመኑ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ እኔ ገና ሃያዎቹን መጀመሬ ነበር። ከከተማው በስተሰሜን አንድ ትንሽ የፕሮፌሽናል ክለብ በሚለማመድበት የስፖርት አዳራሽ የተጫዋቾቹን ማሊያና ፎጣ አጥብ ነበር። የፀደይ ወራት ነው ይባላል እንጂ ብርዱ አልወጣም። በየመንገዱ ዳር የጠቆረ በረዶ ተከምሯል፤ አውቶቡስ ስጠብቅ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሞቃት ቦታ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ብቻ ነበር፤ ራሞንም መምጣት የጀመረው ያንን ሙቀት ፈልጎ ነው።

ራሞን ስፔናዊ አጥቂ ነው። ሠላሳዎቹን አጋምሷል፣ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ክለቡ ያስመጣው ለአንድ በጋ ብቻ ነበር። ልምምድ ሲያልቅ ጉልበቱ ላይ በረዶ አስሮ ከማድረቂያው ማሽን አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ሁለታችንም እንግሊዝኛው ላይ ስለምንሰናከል አንተፋፈርም ነበር። አንድ ቀን ስለ ጉልበቱ ሲያማርር፣ ወሬ ለመሙላት ያህል፣ አባቴ አገሩ እያለ የተጫዋቾችን እግር ያሽ እንደነበረ ነገርኩት።

«አሁንስ?» አለኝ።

«አሁን ፓርኪንግ ነው የሚሠራው።»

«እጁ ግን አለ አይደል?»

ለአባቴ ስነግረው ግድ የሌለው መስሎ «እስቲ አምጪው» አለ። ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ግን ጥፍሩን ከሥሩ ቆርጦ፣ ቫዝሊንና ንጹህ ፎጣ ጠረጴዛው ላይ አሰናድቶ፣ በመስኮት በጄራርድ መንገድ የሚያልፈውን ስትሪትካር፣ የከተማውን ባቡር፣ ሲጠባበቅ አገኘሁት። ወጌሻ ጥፍር አያሳድግም። አባቴ እዚህ አገር ከገባ ወዲህ የጥፍሩን ነገር ትቶት ነበር።

ታሽቶ የማያውቅ ሰው ይህን አያውቅ ይሆናል፤ ወጌሻ ሲያሽ ያስወራል። ዝም ያለ ሰው ሕመሙን ስለሚጠብቅ ሰውነቱን ይገትራል። ስለዚህ ወጌሻው ስለ ቤትህ፣ ስለ ሥራህ፣ ስለ አማትህ ይጠይቅሃል፤ አንተ አፍህን ከፍተህ መመለስ ስትጀምር እጁ የሚያመው ቦታ ይገባል። የአባቴ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ«ሃቭ ኤ ናይስ ደይ» አያልፍም። በዚህ ምክንያት መጠየቁ የእኔ ሥራ ሆነ።

«ጠይቂው» ይለኛል፣ ራሞን እግር ሥር ተንበርክኮ። «የመጀመሪያ ጎሉን የት ነው ያገባው?»

የራሞንን የኳስ ሕይወት የሰማሁት እንዲህ ነው፤ በጩኸት እየተቆራረጠ። የመጀመሪያውን ጎል ያገባው በተወለደባት የባሕር ዳር መንደር፣ ጠጠር ሜዳ ላይ ነው። በረኛው የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ነበር፤ ሴትዮዋ በማግስቱ ለራሞን እናት ዳቦ አልሸጥም አለች። እዚህ ላይ አባቴ ተጫነውና ራሞን በእናቱ ቋንቋ ረዥም ስድብ ተሳደበ። ቀጥሎ ዝናብ በማያባራባት ከተማ፣ በሁለተኛ ዲቪዚዮን ብዙ ዓመት ተጫወተ። በትልቁ ዲቪዚዮን የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ዓለም ሁሉ በሚያውቀው ስታዲየም አንድ ጎል አገባ፤ ቡድኑ ግን ተሸነፈ፤ ጋዜጣውም ስሙን አሳስቶ ጻፈው። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ከዚያ በኋላማ ቁልቁለት ነው፤ ሜዳቸው እንደ አስፋልት ወደሚደርቅ የደቡብ ከተሞች፣ ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው።

«ሻንጣዬን መፍታት የተውኩት ያኔ ነው» አለን።

አባቴ ጠባሳዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ እየነካ «ይሄስ?» ይላል፤ ራሞን የከተማ ስም ይጠራል። ሲያበቁ ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው ይቀመጣሉ። ጾም ስለነበረ ሽሮ አቀርባለሁ። ራሞን ከምን እንደሚሠራ ጠይቆኝ ስነግረው ሳቀ፤ እናቱ በየሳምንቱ ሽምብራ ትቀቅል ነበርና ከቤቱ የሸሸው ከሽምብራ ነው አለ። ሳህኑን ግን ጠርጎ በላ።

እንዲህ እየሆነ ቅዳሜዎቹ አለፉ። ጾሙም ተፈታ። አባቴ ማፏጨት ጀመረ፤ በሳጥኗ ቀዳዳ ስለሚያያቸው እጆች እንኳ ቀልድ ያወራልኝ ነበር። ለዚህ ምክንያት ነበረው። የክለቡ ፊዚዮቴራፒስት ሥራውን ለቆ ሄዶ ነበር፤ ራሞን ደግሞ «የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ በእግሬ ከቆምኩ ማን እንዳቆመኝ ለአሰልጣኙ እነግረዋለሁ፤ ሰው ይፈልጋሉ» ብሎናል። አሰልጣኙ በበኩሉ፣ ጨዋታው በሚደረግበት እሁድ ያልተሰለፈ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ አስታውቋል። እኔ አባቴን በክለቡ ቱታ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ እየተወዛወዘ ሜዳ ሲገባ አየው ነበር። ከዚያች የመስታወት ሳጥን ይወጣልኛል ብዬ ለራሞን ጉልበት ሻማ አብርቻለሁ፤ አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

የጨዋታው ዋዜማ ቅዳሜ ራሞን እያነከሰ መጣ። ልምምድ ላይ ዞር ሲል ጉልበቱ ከድቶታል። አብጧል። አባቴ እንደ ልማዱ ተንበርክኮ ዳሰሰው፣ አጠፈው፣ ዘረጋው። ብዙ ቆየ።

«ጠይቂው» አለኝ። «ኳስ ሲተው ምን ሊሠራ አስቧል?»

ጠየቅኩት። ራሞን ጥርሱን ነክሶ፣ የሶፋውን ጠርዝ ጨብጦ ጠበቀ። ጥያቄው መጣ፣ ሕመሙ ግን አልመጣም። ዝቅ ብሎ የአባቴን እጆች አየ። ጉልበቱ ላይ አርፈዋል፣ አይንቀሳቀሱም። የራሞን ፊት ሲለዋወጥ አየሁት፤ አባቴ ምን ሊለው እንደሆነ ከእኔ ቀድሞ ገብቶታል።

«ባሽው ነገ ይሰለፋል» አለኝ አባቴ። «ከተሰለፈ ግን በሰው ሸክም ነው የሚወጣው። ይሄ ጉልበት ለመራመድ እንጂ ለመሮጥ አይሆንም። ንገሪው።»

ነገርኩት። ራሞን «ሐኪሙም ይህንኑ ብሎኛል፤ ከመጀመሪያው» አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው። ሌላ ቃል የሚነግረው ሰው ፍለጋ ነበር እስከ ሦስተኛ ፎቅ የወጣው። ካልሲውን አጠለቀና እጅ ነስቶ ወጣ፤ ምግብም አልቀመሰም።

እኔ ተናደድኩ። አንዲት እሁድ፣ አንዲት ጨዋታ አስሮ ቢያስገባው ምን ነበረበት? «አባዬ፣ ሥራውስ?» አልኩት።

ቫዝሊኑን እየከደነ «ሥራውንማ ይኸው ሠራሁት» አለ። ከዚያ እጆቹን ኪሱ ከተተና ተቀመጠ።

በማግስቱ ዝናብ ይጥል ነበር። ጨዋታው በሚጀመርበት ሰዓት በራችን ተንኳኳ። ራሞን ነው። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር በደረጃ እያነከሰ ወጥቶ ኮቱ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። ጠዋት ለአሰልጣኙ ራሱ እንደነገረው አወራን። አሰልጣኙ ጨብጦት «ይገባኛል» ብሏል፤ በቦታው ሌላ ልጅ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበርና። ያ ሁሉ ከተማ፣ ያ ሁሉ ጠባሳ፣ በአንድ መጨባበጥ አለቀ።

አባቴ ሶፋው ላይ ነው፣ እጁ ኪሱ ውስጥ። ራሞን ፊት ለፊቱ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ለጥቂት ጊዜ ሲያየው ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጠይቂው» አለኝ፣ በአማርኛ። ስንት ቅዳሜ ሲሰማት ይዟታል። የቀረውን በእንግሊዝኛ ጨረሰው፤ እኔም «አንቱስ ማሸት እንዴት ነው ያቆሙት? ይላል» ብዬ ለአባቴ ነገርኩት።

አባቴ አይመልስም ብዬ ነበር። መለሰ።

«የመጀመሪያው ክረምት ላይ ነው» አለ፣ መስኮቱን እያየ። «ፓርላመንት መንገድ ላይ፣ ስትሪትካር ስንጠብቅ አንድ ሰውዬ በረዶው አንሸራቶት ወደቀ። ቁርጭምጭሚቱ ዞሯል፤ ከቆምኩበት ይታየኛል። ጓንቴን አውልቄ ተንበረከኩ። ሰውዬው እግሩን ሰበሰበ። አትንካኝ አለኝ። ፈርቶኝ ነው፤ እንደ ሌባ ነው ያየኝ። ጓንቴን መልሼ አጠለቅኩ።»

እኔም ያን ጊዜ መስማቴ ነው። ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ራሞን ጎንበስ አለ። የጫማውን ክር ፈታ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ፣ ያንን ያበጠ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አባቴ ጭን ላይ አስቀመጠው። አባቴ ለጥቂት ጊዜ አየው። ከዚያ እጆቹ ከኪሱ ወጡ። ያን ቀን ማንም ማንንም አልጠየቀም፤ ራሞን እያመመው ዝም አለ፣ አባቴ እያለቀሰ አሸው።

ራሞን በጋው ሳይጋመስ አገሩ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ወሬውን አልሰማሁም። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ከሳጥኗ አልወጣም። ካረፈም ቆይቷል፤ የኖርንበት ሕንፃም ፈርሶ በቦታው ሌላ ቆሟል።

እኔ አሁን የደከመ ገላ ሳገላብጥ፣ ሳጥብ፣ ሳለብስ እውላለሁ። ወገቤ ያመኛል፤ አንዳንድ ጠዋት ከአልጋዬ ለመነሣት ግድግዳ እይዛለሁ። ልጆቼ «ማሚ፣ ጀስት ሪታየር» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ደክሞኛል። ነገር ግን በየጠዋቱ ስሜን እንኳ የማያስታውሱ ሰዎች እግራቸውን ዘርግተው ይሰጡኛል፣ ማንም አይሰበስብብኝም። አባቴ ይህን ቢያገኝ ኖሮ እላለሁ። ደመወዙማ ማንንም ከአልጋው አያስነሣም።