የቤት ቁጥር «አዲስ»

ወረዳችን የቤቶችን አድራሻና ካርታ ለሕዝብ ቆጠራው ሊያስረክብ ስለነበር ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር ቤት ለቤት እንድዞር ተላክሁ። ሥራዬ ቁጥር ላልወጣላቸው ቤቶች ቁጥር መስጠት ነው። እንዲህ ያለው ቤት መታወቂያ ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ተብሎ እንደሚቀር መቼም ታውቃላችሁ። ሃያ ዓመት ቢሞላውም «አዲስ» ነው።

አንዲት አዛውንት በር ከፈቱልኝ። መታወቂያቸውን አየሁና፣ «እማማ፣ አሁን አዲስን አጥፍተን በቁጥር ልንተካው ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምን አድርጓችሁ ነው የምታጠፉት?»

«ማን?»

«አዲስ ነዋ! ባለቤቴ። ይሄን ቤት በገዛ እጁ የሠራው እሱ ነው። ከሞተ በኋላ መታወቂያ ላወጣ ብሄድ ስሙን ጽፈው ሰጡኝ። ለካ አልረሱትም ብዬ እዚያው አለቀስኩ።»

እውነቱን ልንገራቸው ብል አንጀቴ አልቻለም፤ ዝም እንዳልል ቁጥሩ የግድ ነው። «ለካርታው እኮ ነው... የሌሎቹም ቤቶች...» እያልኩ ተንተባተብኩ።

እጄን ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «ሰፈሩ ሁሉ ይወደው ነበር። የጎረቤቶቼም መታወቂያ ላይ ስሙ አለ።»