የሐጂ ስልክ

ታክሲ ውስጥ የአንዱ ተሳፋሪ ሞባይል እንደ ድሮ የቤት ስልክ ሲጮኽ ደነገጥሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በመንደራችን ስልክ የነበረው ሐጂ የምንላቸው ባለሱቅ ጋ ብቻ ነበር። ስልኩ ከገባ ወዲህ ሹራብ ሠሪዋ እናቴ ከመርካቶ ትእዛዝ ይመጣላት ጀመር፤ ሁለት እንጨት ለቃሚ ጎረቤቶቻችንም እንጦጦ መውጣቱን ትተው አብረዋት ይሠሩ ነበር።

አንድ ቀን ሐጂ ጠሩኝ። "የመርካቶው ነጋዴ ደውሎ ነበር፤ የተማሪ ሹራብ በብዛት ይፈልጋል። እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትደውልለት፤ ሮጠሽ ንገሪያት።"

መንገድ ላይ ጓደኞቼ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ አገኘሁና ቀረሁ። ለእናቴ ስነግራት አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ነጠላዋን ሳትደርብ ወርዳ ደወለች፤ ነጋዴው ሥራውን ለሌላ ሰጥቷል።

"መቼ ነው የነገሩሽ?" አለችኝ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ።

"አሁን ነው" አልኋት።

ሐጂ ትክ ብለው አዩኝ። "ረስቼው ነው፣ ይቅር በይኝ" አሏት። "የስልኩ ሽቦ ቤትሽ ድረስ ቢመጣ መሐል ላይ ሰው አይገባም ነበር።"

የመጨረሻው አባባላቸው ያኔ አልገባኝም። እናቴ መልእክት ይረሱብኛል ብላ ዳግመኛ እዚያ አልደወለችም፤ ትእዛዙ ስለቀረም ጎረቤቶቻችን ወደ እንጨታቸው ተመለሱ።

ሐጂ ካረፉ ቆይቷል። ስማቸው ሲነሳ እናቴ ዛሬም "ደግ ነበሩ፤ ግን ዝንጉ" ትላለች። እውነቱን እስከ ዛሬ አልነገርኋትም።