የምስጋናው ቀን ጎደሬ

በ1994 ዓ.ም. ነሐሴ በገባ በሳምንቱ፣ ጂንካ ላይ ዝናቡ አላባራ ባለበት ሰሞን፣ እንግዳ ጠርቼ ጎደሬ አቀረብኩ። ነገሩን ካነሣሁት ቆይቶ ነበር። ባለፈው ሳምንት ልጄ ምሕረት ከአርባ ምንጭ ደውላ አስታወሰችኝ። አዲስ ቤት ገብታለች፤ የሥራ ጓደኞቿንና ጎረቤቶቿን ልትጠራ ነው።

“እማ፣ ምን ልሥራ? ሰዉ ብዙ ነው፤ ጊዜ ደግሞ የለኝም” አለችኝ።

“ቀላል ነገር ሥሪ።”

“ቀላል ነገር ብሠራ ሰው ምን ይላል?”

“ይበላላ!” አልኳት።

ሳቀችና ስልኩን ዘጋች። እኔ ግን የጀመርኩትን ሥራ ትቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ነሐሴ ምሕረት አራት ዓመቷ ነበር። ግብዣውም ስለ እሷ ነበር።

እኔ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ ታደሰ የግብርና ሠራተኛ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሃና የምትባል ሩቅ ከተማ መድበውት ነበር። ወደ ሃና በበጋ በሳምንት አንድ መኪና ከተገኘ እሰየው ነው፤ በክረምት እሱም የለም። የተከራየነው ቤት ሁለት ክፍል ነበረው። በግራችን እትዬ አበራሽ፣ በቀኛችን ሐሊማ ይኖራሉ። እትዬ አበራሽ ከመንዝ የመጡ፣ በርበሬና ጨው የሚሸጡ፣ ጾም የማይገድፉ ሴት ናቸው። ሐሊማ የስልጤ ልጅ ናት፤ ባሏ ጨርቅ ይነግዳል፤ ከእኔ ጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። እኔ የአሪ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ በወንጌል አማኝ ቤት ያደግኩ። ሦስታችንም ከአንድ ቧንቧ እንቀዳለን፤ እሳት እንጫጫራለን። በበዓል እትዬ አበራሽ ዳቦ፣ ሐሊማ ብስኩት ይልኩልኛል። ከአንድ ማዕድ ግን ቆርሰን አናውቅም። ሥጋው ይለየናል፤ ጾሙ ይለየናል። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። እንዲያው እንደዚያ ነበር።

በሐምሌ አጋማሽ ምሕረትን ወባ ያዛት። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሰውነቷ ደረቀ፤ ዓይኗ ተገለበጠ። እኔ ጮህኩ እንጂ ሌላ ነገር አላደረግኩም። ሐሊማ ሊጥ በእጇ እንዳለ መጣች፤ ልጄን ከእጄ ነጥቃ በጭቃው ውስጥ ሮጠች። አንድ እግር ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ። ዞር ብላም አላየችው። እኔ ከኋላዋ እየወደቅኩ እየተነሣሁ ሆስፒታል ደረስኩ። እትዬ አበራሽ ሱቃቸውን ዘግተው ተከተሉን። አራት ቀን ሳይከፍቱት ቀሩ። ደንበኛ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ መጥቶ በርበሬ ሲጠይቃቸው፣ “ልጅቷ ትነሣና ትበላለህ” ብለው መለሱት።

በሁለተኛው ቀን፣ ምሕረት ዓይኗን ሳትገልጥ ስትውል፣ ከአልጋዋ ግርጌ ተንበረከክኩ። “ጌታ ሆይ፣ ይህችን ልጅ ከመለስክልኝ እነዚህን ሁለት ሴቶች ከቤተሰቤ ጋር በአንድ ማዕድ አስቀምጬ አመሰግንሃለሁ” አልኩ። ቀና ስል እትዬ አበራሽ በወዲያ በኩል ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ሐሊማ በሩ አጠገብ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሦስታችንም የለመንነው አንድ ነገር ነበር። በማግስቱ ልጄ ነቅታ ሙዝ ጠየቀች።

ታደሰ መልእክቱ ደርሶት፣ ግማሹን መንገድ በእግሩ ግማሹን በጭነት መኪና መጣ። ልጁን አቅፎ አለቀሰ። ከዚያ ስለ ምስጋናው ተነጋገርን። በመጪው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሁን ተባባልን።

“አይከብድም” አለ ታደሰ። “እኛ በግ እናርዳለን። ለእነ ሐሊማ ዶሮ ገዝተን እነሱው ይረዱት። ለእትዬ አበራሽ ሽሮ ይሠራ።”

“ሦስት ማዕድ ሆነ እኮ” አልኩት።

“ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።”

“እኔ ቃል የገባሁት አንድ ማዕድ ነው።”

ራሱን አከከ። “እና ምን ሊበላ ነው?”

አወጣሁ አወረድኩ። ሥጋ አይሆንም። ቅቤም አይሆንም፤ ፍልሰታ ነው። ብዙ ወጥ ለመሥራት ጉልበት አልነበረኝም፤ ከሆስፒታል ከወጣን ወዲህ ምሕረት ከቀሚሴ አትላቀቅም። ሁሉም የሚበላው፣ እኔም የምችለው፣ ከገበሬ ጓሮ የሚወጣው ብቻ ነበር፤ ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ በዘይት የተጠበሰ ጎመን፣ ዳጣ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ሙዝና አናናስ።

እውነቱን ልናገርና አፈርኩ። ጎደሬ በእኛ ቤት የሥራ ቀን ምሳ ነው። ለእንግዳ አይቀርብም። ትምህርት ቤት ሳለሁ የነጋዴ ልጆች “ጎደሬ” እያሉ ይጠሩን ነበር፤ ቃሉን ስሰማ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። ከቃሌ ጋር ሳስተያየው ግን እፍረቱ አነሰብኝ።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ጎደሬውን ገዛሁ። ሁለት አዲስ ሸክላ ድስትም ገዛሁ። አሮጌው ድስቴ ሥጋ ተሠርቶበታል። ሐሊማ እንደሆነ አፍ አውጥታ አትጠይቅም፤ እኔ ግን ሳትጠራጠር እንድትበላ ፈለግኩ። ተሸክሜ ስገባ አየችኝ።

“ምነው አዲስ ድስት?”

“አሮጌው ተሰነጠቀ።”

አልተሰነጠቀም ነበር። እሷም አወቀች መሰለኝ፤ ድስቱን ተቀብላ አጠበችልኝ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ መጣ። መንደራችን ከጂንካ በላይ፣ ተራራው ላይ ነው፤ በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ዝናቡ ልብሱን ከገላው አጣብቆታል። በገመድ አንድ በግ ይጎትታል፤ ጠጉሩ የሚያበራ ጠቦት። ግቢው ውስጥ አሰረውና ምሕረትን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ያዛት። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ይኖራል፤ ቃል አያበዛም። እኔም በእሱ ነው የወጣሁት።

“ነገ በማለዳ አርደዋለሁ” አለኝ በአሪ ቋንቋ።

“አባ፣ ነገ አናርድም።”

“ምን አልሽ?”

ነገርኩት። ስለ ቃሌ፣ ስለ ሐሊማ፣ ስለ እትዬ አበራሽ ጾም። አቋርጦኝ አያውቅም፤ ያን ቀንም አላቋረጠኝም። ስጨርስ በጉን አየ፤ የጎደሬውን ቅርጫት አየ።

“ጎደሬ እኔም ቤት ሞልቷል። ጎደሬ ልበላ ነው ግማሽ ቀን የሄድኩት?”

“በጉ ይቆየናል፣ አባ። ሌላ ቀን ይታረዳል።”

“ሌላ ቀን” አለ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ብነሣ አባቴ የተኛበት አልጋ ባዶ ነው። ለታደሰ፣ “ላሞቹን የሚያይልኝ የለም” ብሎት ሄዷል። በጉ እንደታሰረ ነው። “ተዪው፣ ይበርድለታል” አለ ታደሰ። እኔ ደጁ ላይ ቆሜ በመንገዱ ወዲያ አየሁ። ጉም ብቻ ነው። ልጠራው ብሮጥ እደርስበት ነበር። ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያንና ከሰፈር ሃያ አምስት ሰው ጠርቻለሁ፤ ድስቱ አልተጣደም። ደግሞም፣ አልዋሽም፣ ተቀይሜው ነበር። ቃሌን የናቀብኝ መስሎኝ።

ወደ ጓዳ ስመለስ እትዬ አበራሽ ቀድመውኝ ገብተዋል። ከቅዳሴ በፊት ላግዝ ብለው፣ ጎደሬውን እንደ ድንች በጥሬው፣ በእርጥብ እጃቸው መላጥ ጀምረዋል። የእኛ አገር ሰው ጎደሬ ከነልጣጩ ቀቅሎ ነው የሚልጠው። ለምን እንደሆነ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቢላዋው ከእጃቸው ወደቀ።

“ኧረ እናንተ! ኧረ እጄን! ምንድን ነው የገዛሽው፣ ሳማ ነው እንዴ?”

ሐሊማ ሮጣ መጣች፤ አይታቸው ሳቋን መያዝ አቃታት።

“እትዬ አበራሽ፣ እሱ እኮ ጾመኛ አይልም!”

“ሂጂ ወዲያ! ይልቅ መላ በይኝ፤ ቆዳዬ ሊሄድ ነው!”

“እጅዎን እሳቱ ላይ ያሙቁት” አልኳቸው። “ይተውዎታል።”

እሳቱ ላይ እጃቸውን እያገላበጡ፣ “አሁን ይሄ ሆድ ገብቶ ምን ሊሠራ ነው?” አሉ። ሐሊማ እንደገና ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ከልጄ ሕመም በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር። ወዲያው ደጁ ላይ የታሰረው በግ ጮኸ፤ ሳቄ ተቆረጠ።

እንግዶቹ ስምንት ሰዓት ላይ መጡ። ዝናቡ ጥቂት አረፍ ብሎ ነበር። የሚበቃ ሳህን ስላልነበረኝ ረጃጅም የእንሰት ቅጠሎች አጥቤ ሰሌኑ ላይ ዳር እስከ ዳር ዘረጋሁ። ምግቡን በላዩ ደረደርኩ፤ ትኩሱን ጎደሬ ነጭ በነጩን፣ ጎመኑን ከጎኑ፣ ዳጣውን በየመካከሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጸለዩ። እትዬ አበራሽ አማተቡ። ሐሊማ ቀስ ብላ “ቢስሚላህ” አለች። ሁሉም እጁን ወደ አንድ ቅጠል ዘረጋ።

ቃሌ ተፈጸመ። እንዲህ አጭር ነገር ነበር።

እትዬ አበራሽ አንዱን ጎደሬ በጥርጣሬ ቀመሱ። ደገሙ። “ይሄ እኮ ድንች ነው! ስሙን ነው ያበላሹት” አሉ። ሐሊማ ዳጣውን አብዝታ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ “የምሕረት እናት፣ ልጅሽን ባድንልሽ እኔን ልትገድዪኝ?” አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ምሕረት በቅጠሉ ዳር ዳር ሄዳ ሐሊማ ጭን ላይ ተቀመጠች።

“አባትሽስ?” አለችኝ ሐሊማ። “ትናንት አይቻቸው አልነበር?”

“ላሞቹን ሊያይ ሄደ።”

ደጁ ላይ ወዳለው በግ አየች። የተረፈውን ጎደሬ በቅጠል ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችልኝ። “ለሳቸው” አለች።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ለምሕረት በስልክ እነግራት ነበር። ያበቃው ግን በማግስቱ ነው።

ሰኞ ማለዳ ምሕረትን በጀርባዬ አዝዬ፣ የተጠቀለለውን ጎደሬ ይዤ፣ በጉን እየጎተትኩ ወጣሁ። ታደሰ አብሬሽ ልሂድ ቢለኝ አልፈለግኩም። መንገዱ ያዳልጣል። በቆሎው ሊደርስ ነው፤ ቅጠሉ ሳልፍ ጠል ያራግፍብኛል። በጉ እየቆመ አስቸገረኝ። ከመንደራችን በታች ያለው ወንዝ ጎድሎ ነበር፤ ውኃው እስከ ጉልበቴ ደረሰ። ምሕረት በጀርባዬ ላይ ትዘምራለች። ወር ሳይሞላ ሬሳ መስላ የተኛች ልጅ ናት። እያመሰገንኩ ወጣሁ።

አባቴ የእንሰት ጓሮው ውስጥ ነበር። በጉን ሲያይ መቆፈሪያውን ተከለ።

“መለስሽው?”

“አልመለስኩትም። ላንተ ልታርደው አመጣሁት።”

ጎንበስ ብሎ አፈሩን ከእጁ አራገፈ።

“ያቺ ሴት ልጅቷን ተሸክማ ሮጣለች” አለ። “ያቺኛዋ ሱቋን ዘግታ ተቀምጣለች። ጠርተሽ አበላሻቸው፤ ደግ አደረግሽ። እኔ ምን አድርጌያለሁ? ታመመች ሲሉኝ ወርጄ ወንዙ ሞልቶ አገኘሁት። ሁለት ቀን ወረድኩ፣ ሁለት ቀን ተመለስኩ። ማዶ ቆሜ ነበር፣ አንቺ ልጅ። እዚያው ቆሜ በጉን ለእግዚአብሔር ሰጠሁት። ቃል የምትገቢው አንቺ ብቻ ነሽ?”

አላውቅም ነበር። አልጠየቅኩትም ነበር።

“ይቅር በለኝ፣ አባ።”

“ይቅርታውን በልተን ስንጨርስ ትነግሪኛለሽ” አለ።

እስከ ዛሬ ብዙ እንግዳ ተቀብዬ አሳልፌያለሁ። አሁንም ቀላል ምግብ እወዳለሁ፤ ሁሉም የሚበላው፣ ሠሪዋንም ከሰው ጋር የሚያስቀምጥ። ማን ምን እንደማይበላ እጠይቃለሁ። ከዚያ ማለዳ ወዲህ ግን ሌላም እጠይቃለሁ፤ ማን ምን ይዞ መምጣት ይፈልጋል? ያለውን ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፤ ማዕዴ ስለሞላ ብቻ መልሼ ልሰደው አይገባኝም። ምሕረት ዛሬ ማታ ስትደውል ይህንን እጨምርላታለሁ። ያንን ሁሉ ያስተማረኝ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አባቴንም ነፍሱን ይማር።

ያን ማለዳ ግን ብዙ አላሰብኩም። የበጉን ገመድ ሰጠሁት። ምሕረትን ከጀርባዬ አወረድኳት፤ ወደ እሱ ሮጠች። እሱ ቢላዋውን ሊስል ተቀመጠ፤ እኔ ወደ ቤት ገብቼ እሳት አነደድኩና ትልቁን ድስት ጣድኩ።