ዝናብ ሲጥል የሚከፈት በር

ወንድሜን ምን ትሠራለህ ሲሉት «ውሃ ላይ ነኝ» ይላል። ሰሚው ቧንቧ ጠጋኝ ይመስለዋል፤ እሱም አያርመውም። እውነቱን እኔ ልናገርለትና፣ የሚሠራው ከሰፈራችን በላይ ባለው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ነው። ክርና ጨርቅ የተነከረበት ቀለም ሁሉ ከፋብሪካው ጓሮ ባለ ትልቅ ገንዳ ይጠራቀማል። በገንዳውና በወንዙ መካከል አንድ የብረት በር አለ። የበሩን መዘውር የሚያዞረው ወንድሜ ነው፤ ባልደረቦቹም ስሙን ትተው «መዘውር» ይሉታል።

ደንቡ ፍሳሹ ተጣርቶ እንዲለቀቅ ነው። ማጣሪያው ግን ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ጎብኚ ሲመጣ ብቻ እንዲያጓራ ያስነሱታል። ስለዚህ ሠራተኞቹ የራሳቸውን ደንብ አወጡ፤ ዝናብ ይጠብቃሉ። ዝናብ ሲጥል ወንዙ ይደፈርሳል፣ ጉልበትም ያገኛል፤ ቀይ ይግባበት ሰማያዊ የሚለይ የለም። ሰማዩ ሲጠቁር የፈረቃ አለቃው በመስኮት ብቅ ብሎ አገጩን ቀና ያደርጋል፤ ወንድሜ ያዞራል። ውሻም በበላበት ይጮኻል እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። ይህን ሁሉ እኔ የሰማሁት በመጨረሻ ነው፤ ለታላቅ እህቱ እንኳ ያልተነፈሰው ጉድ ነው።

ይኸው ሰው ቤቱ ሲገባ ሌላ ሰው ነው። ስድስተኛ ክፍል ያለች ልጁ ከጓደኛዋ የኮምፒውተር ጌም አምጥታ ነበር። ተኩስ የለበት፣ ሩጫ የለበት። አፈሩ የተቃጠለ፣ ወንዙ የጠቆረ ሸለቆ ይሰጡሃል። ውሃውን ታጠራለህ፣ ሣር ትዘራለህ፣ ዛፍ ትተክላለህ፣ ከዚያ ዝናብ እስኪመጣ ትጠብቃለህ። ዝናቡ ሲጥል ሸለቆው ዓይንህ እያየ ይለመልማል፣ ወፉ ይመለሳል፣ እንቁራሪቱ ይንጫጫል። አንድ ተክል ቢሞትብህ እንኳ ምን እንደገደለው ጌሙ በአንድ መስመር ጽፎ ይነግርሃል።

ወንድሜ መጀመሪያ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብሎ አጣጣለው። ብዙም ሳይቆይ ልጅቷን ከወንበሯ የሚያስነሳት እሱ ሆነ። አንድ እሁድ ስገባ፣ ስክሪኑ ላይ ዝናብ ጥሎ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያጨበጭቡ አገኘኋቸው። ሚስቱ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ቤት ሰጥተውት ቢገላግሉኝ ትላለች። አንዲት ዓሣ ሞተችብኝ ብሎ ምሳ ያልበላበት ቀን አለ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ስቄ ልሞት ነበር። እሱ ግን አልሳቀም፤ ለካ ወንድሜ የሚለፋው እዚህ የገደለውን እዚያ ሊያስነሳ ነው።

ልጅቷ አባቷን አይታ ጌም ብቻ አልበቃ አላት። የክፍሏን ልጆች አስተባበረች፣ መምህሯን አስፈቀደች፣ ወንዙ ዳር ችግኝ ሊተክሉ ተስማሙ። ቦታው ከፋብሪካው ዝቅ ብሎ ያለው፣ ሣር እንኳ የራቀው ሜዳ ነው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቢሆን አይሻልም ወይ አላት። እሷም ወንዙ እዚህ ታሞ እዚያ ሄደን ምን እንሠራለን ብላ ሳቀችበት። በተባለው ቀን አካፋውን ተሸክሞ ሄደ። ከማንም በላይ ቆፈረ፤ ልጆቹ በጣም ወደዱት። ሥራ በሄደ ቁጥር ችግኞቹን በዓይኑ እየቆጠረ፣ ዝናብ እንዳይመጣ ይጸልይ ጀመር። ገበሬ ቢሰማው በድንጋይ በወገረው።

ዝናቡ ግን መጣ። አለቃው በመስኮቱ አገጩን ቀና አደረገ። ወንድሜ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መስኮቱ ሄዶ፣ ልጆች ከታች ችግኝ ተክለዋልና ዛሬ ይቅር ብሎ ለመነው።

«ገንዳው አፉ ድረስ ሞልቷል» አለው አለቃው። «ካልከፈትክ ነገ ማሽኑ ይቆማል። እሱ ከቆመ ደግሞ አንተም እኔም ቤታችን እንቀመጣለን።»

አለቃውም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። ወንድሜ ተመለሰና መዘውሩን ያዘ። ትንሽ ብቻ እከፍታለሁ አለ፣ መርዝ ትንሽ የሚባል ነገር ያለው ይመስል። ወንዙ ሞልቶ ሜዳው ላይ ወጣ።

ብዙ ቀን ሳይቆይ የችግኞቹ ቅጠል ከዳር ከዳር እንደተለበለበ ሆነ፤ ከዚያ ረገፈ። ልጅቷ ከወንዙ ስትመለስ አባቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል። ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው? ጌም ቢሆን ይነግረኝ ነበር።»

ያኔ መናገር ነበረበት። አፉንም ከፍቶ ነበር። የወጣው ግን፣ «ውሃ አብዝታችሁ ይሆናል» የሚል ነው። የአብዬን ወደ እምዬ ይሉሃል ይህ ነው። ውሃ የማጠጣቱ ኃላፊ ደግሞ እሷ ነበረች። በፀሐይ እንዳይደርቁ ብላ ችግኞቹን ደጋግማ የምታጠጣው እሷ ነበረች። ገብታ ተኛች። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩን አልነካችም። እሱም ቤቱ ሲገባ ልጁን ማየት፣ ሥራ ሲገባ መዘውሩን ማየት እኩል ጠላ።

መምህሯ ተስፋ አልቆረጠችም፤ ሌላ ችግኝ አመጣች። ልጆቹ ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ፤ ወንድሜም እንደ ልማዱ ቆፍሮ፣ አንዷን ችግኝ ይዞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። ልጁ ከመካከል ወጥታ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ይቅርታ ጠየቀች። የሞቱት በእኔ ነው፣ ውሃ አብዝቼ ነው፣ አሁን ሌላ ሰው ያጠጣ አለች። አንዳንዱ ልጅ ቀድሞም ጠርጥረን ነበር በሚል ዓይን አያት።

ወንድሜ ከዚህ በላይ አልቻለም። «አንቺ አይደለሽም» አለ። «የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው፤ ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አለች። «አባዬ፣ ለእኔ ብለህ አትዋሽ» አለችው። መምህሯ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ አባት ነው እንጂ ብላ ማጨብጨብ ስትጀምር ልጆቹ ሁሉ ተከተሏት። ቢሰድቡት ይችለው ነበር፤ ጭብጨባውን ግን አልቻለም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀና እጁን ወደ ላይ፣ ወደ ፋብሪካው ጓሮ ዘረጋ። በሩን፣ ገንዳውን፣ መዘውሩን፣ ሁሉንም በዝግታ ነገራቸው።

«ዝናብ በጣለ ቁጥር?» አለችው ልጁ።

«በጣለ ቁጥር።»

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። በእጁ የያዛትን ችግኝ ቀስ ብላ ተቀበለችውና፣ አጠገቧ ለቆመችው ልጅ «አንቺ ትከያት» ብላ ሰጠቻት።