ዓይኔን ሳልጨፍን ተጸለየልኝ

ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰው ፊት መቆም የማልወድ ሴት ነኝ፤ ግን ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ብል ሆዴ እሺ አይለኝም። ስሙ ይባረክ!

ዓረብ አገር፣ አል-ማንሺያ የሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት እሠራ ነበር። ከወሎ ስወጣ እናቴ፣ "ማንንም እንዳታምኚ" ብላ ሸኘችኝ፤ እኔም ቃሏን ከመጠን በላይ ጠበቅሁ። ሁለት ሐበሾች ሲንሾካሾኩ እኔን የሚያሙ ይመስለኛል። ከሰው እጅ ውኃ አልጠጣም፤ የሆነ ነገር ቢያደርጉበትስ? ቀስ በቀስ እህል አስጠላኝ፣ ከክፍሌ መውጣት አቃተኝ። ፀሐዩ እንዲያ እየነደደ እኔ ጨለማ ውስጥ ነበርኩ። "ምነው ባልነቃሁ" ብዬ የተኛሁበት ቀን አለ፣ ወገኖቼ።

መዳሜ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። መረመረኝና፣ "ሆድሽ ደህና ነው። የምታወሪው ሰው አለሽ?" አለኝ። ይሄ ደግሞ ምን ሊያደርግለት ነው ብዬ፣ "ሞልቶ!" አልኩት። አንድም አልነበረኝም።

ጎረቤት ግቢ የምትሠራ አልማዝ የምትባል እህት ነበረች። ዓርብ፣ እረፍታችን ሲሆን፣ "ያላ፣ ተነሺ! አርካዊት ሰፈር ጸሎት አለ" ትለኛለች።

"ወዴት ወስደሽ ልትሸጪኝ ነው?" አልኳት።

"አንቺን ማን ይገዛል? አጥንት ብቻ!"

ሳቄ አመለጠኝ፤ ተከትያት ወጣሁ። ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ውስጥ ግን የማመልጥበትን መንገድ እያጠናሁ ነበር።

እዚያ ምግብ ቀረበ። እጄን ሰበሰብኩ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነበች አዩኝ። አልተቆጡም። አገር ቤት እንደሚደረገው ከወጡም ከውኃውም በፊቴ ቀመሱና፣ "አይዞሽ ልጄ፤ እኔ ከሞትኩ አንቺ አትብዪ" አሉኝ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔ አለቀስኩ። ተጠርጥሮ ያልተቀየመ ሰው አይቼ አላውቅማ!

"ልጸልይልሽ?" ብለው እጃቸውን ጫኑብኝ። ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ቦርሳዬን እየጠበቅሁ ነበር። ጌታ ግን ዓይኗን ያልጨፈነችውንም ይሰማል፣ ሃሌ ሉያ! ቦርሳዬ ላይ እንዳፈጠጥኩ አፌ ተከፈተ፦ "ጌታ ሆይ፣ ብቻዬን መሆን ደከመኝ።" ያን ቃል ለሰውም ለእሱም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣ ያህል ተነፈስኩ። ክብር ለስሙ ይሁን!

አልዋሽም፣ ጨለማው በአንድ ቀን አልሸሸም። ሐኪሙም ዘንድ ተመልሼ እውነቱን ነገርኩት። ዛሬ በልቼ አድራለሁ፣ የሚጠሩኝ እህቶች አሉኝ፣ ጠዋት ስነቃ ጌታን አመሰግናለሁ።

እናንተ በሩ አጠገብ ጫማችሁን ሳታወልቁ የተቀመጣችሁ እህቶቼ፣ ይገባኛል። እኛን ጠርጥሩን፣ ግድ የለም። እሱን ግን አንድ ቃል አናግሩት። ሰው እስክታምኑ አትጠብቁ፤ እኔም ሳላምን ነው የመጣሁት፣ እሱ ግን ተቀበለኝ።